ኔጌቲቭ ኮንትሮሌ መስመር ማውጣቱን አልተወም፤ ሥራውን ልተው ወይስ ልማር?

ገና ጀማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁም። በባዮቴክኖሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ውጤቴ መጥፎ አልነበረም። ፒሲአርን፣ ማለትም የተፈለገውን የዲኤንኤ ቁራጭ ደጋግሞ የማባዣውን ዘዴ፣ በፈተና ወረቀት ላይ ከነሥዕሉ አስረድቻለሁ። ካሪ ሙሊስ በ1983 እ.ኤ.አ. እንዴት እንዳሰበው፣ በ1993 የኖቤል ሽልማት እንዳገኘበት፣ ሙቀት የማይበግረው ኢንዛይም በፍል ውኃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ እንደመጣ ሁሉ ጽፌ ሙሉ ነጥብ ተሰጥቶኛል። በአራት ዓመት ውስጥ ፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ ለክቶ መሳቢያ መሣሪያ) የያዝኩባቸው ቀናት ግን በጣቶቼ ተቆጥረው ያልቃሉ። በተግባር ክፍለ ጊዜ ስምንት ስምንት ሆነን እንመደብ ነበር። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ የቀረነው በትከሻው ላይ አንገታችንን አስግገን እናያለን። እኔ ጽሑፌ ስለሚነበብ ዘወትር ጸሐፊ ነበርኩ።

አሁን የችግኝ በሽታዎችን በሚመረምር አንድ ቤተ ሙከራ በጀማሪ ቴክኒሻንነት ከተቀጠርኩ አራት ወር ሆነኝ። ፒሲአር ያለ አጋዥ እንድሠራ ከተፈቀደልኝ አምስት ሳምንት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን ሳምንት ኔጌቲቭ ኮንትሮሌ መስመር ሲያወጣ ከረመ። ናሙና ያልጨመርኩበት፣ በዲኤንኤ ፈንታ ውኃ ብቻ የገባበት፣ ምንም መስመር ማውጣት የሌለበት ቲዩብ ማለቴ ነው። ዲኤንኤውን በኤሌክትሪክ በርዝመቱ የምንለይበትን ጄል መብራት ላይ ሳስቀምጠው የመጨረሻው ጉድጓድ ሥር ያቺ ብሩህ መስመር ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች።

ትናንት ኃላፊዬ «ለጊዜው ናሙና መቀበሉን ያዢ» አሉኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። አንደኛ፣ ይህ ነገር ከየት ነው የሚመጣው? ሁለተኛ፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ አይመስለኝም፤ ሥራውን ለቅቄ ሁለተኛ ዲግሪ ብቀጥል የጎደለኝን እማር ይሆን?

ሰማያዊ ኮሎኒ፦

ሁለተኛውን ጥያቄ ለጊዜው እናቆየው። መስመሩ ስንት ቤዝ ጥንድ (የዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ) ላይ ነው? ከ100 በታች ሆኖ የደበዘዘ ከሆነ ፕራይመሮችሽ (መባዛቱን የሚያስጀምሩት አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ነው፤ ያ ሌላ ችግር ነው፣ ብክለት አይደለም። ከምትፈልጊው ርዝመት ጋር እኩል ከሆነ ግን እውነተኛ ዲኤንኤ ገብቷል ማለት ነው። በየሙከራው ይወጣል ወይስ አልፎ አልፎ? ፖዘቲቭ ኮንትሮልሽ፣ መስመር ማውጣት ያለበት ማነጻጸሪያሽ፣ ምንድን ነው? ድብልቁን የምታዘጋጂበትና ጄል የምትጭኚበት ጠረጴዛ አንድ ነው? እነዚህን ሳትመልሺ የሚሰጥሽ ምክር ሁሉ ግምት ነው።

ሥራ ፈላጊ፦

ይቅርታ አድርጊልኝና ይህን ሳነብ ትንሽ ተናደድኩ። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆኖኛል። ማስታወቂያው ሁሉ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። ልምድ ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል፤ ሥራ ለማግኘት ልምድ። የሕይወት ታሪኬ ላይ አሥራ አራት የቤተ ሙከራ ዘዴዎች ዘርዝሬያለሁ፤ ለቃለ መጠይቅ የተጠራሁት ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንቺ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነሽ፣ ደመወዝ አለሽ፣ የሚበላሽ ፒሲአር እንኳን አለሽ። እኔ የማበላሸውም የለኝ።

ገና ጀማሪ፦

@ሥራ ፈላጊ ልክ ነህ፤ ማማረሬ ለአንተ እንዴት እንደሚሰማ አላሰብኩም።

@ሰማያዊ ኮሎኒ መስመሩ 450 አካባቢ ነው፤ ከምንፈልገው ጋር እኩል። ከዘጠኝ ሙከራ በሰባቱ ወጥቷል። ሁለቱ ንጹሕ ስለነበሩ የእነሱ ውጤት ተላልፏል፤ ሰባቱ ተሰርዘው ተደግመዋል። ፖዘቲቭ ኮንትሮላችን የተፈለገው ዘረመል የገባበት ፕላዝሚድ (ክብ የዲኤንኤ ቁራጭ) ነው። ጄል የሚጫነው በሌላ ክፍል ነው፤ የራሱ ፒፔት አለው። ስለዚህ በዚያ በኩል የምጠረጥረው አልታየኝም። ውኃውን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ።

ጡረታ የወጣ መምህር፦

ልጄ፣ «የምጠረጥረው አልታየኝም» ያልሽው ቦታ ላይ ትንሽ እንቁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው በሌላ ሙያ ለተረት ያህል ነው፤ በእኛ ሙያ ግን የአሠራር መመሪያ ነው። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ይህንኑ ነበር ማለት ይቻላል፤ የቀረው ጌጥ ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ፒሲአር በእያንዳንዱ ዑደት እጥፍ ያደርጋል። አንድ ቅጂ ብቻ ብትጀምሪ፣ ሁሉም በትክክል ቢባዛ፣ ከ30 ዑደት በኋላ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል። አሁን ወደ ፕላዝሚድሽ እንሂድ። ርዝመቱ 4000 ቤዝ ጥንድ ነው እንበል። አንድ ናኖ ግራም ወደ 230 ሚሊዮን ቅጂ ይይዛል። በአንድ ማይክሮ ሊትር ውስጥ አንድ ናኖ ግራም ያለበት ፈሳሽ ብትይዢና የማይክሮ ሊትሩ አንድ ሺሕኛ ብቻ፣ ዓይንሽ ከቶ ሊያየው የማይችል ርጭት፣ አንድ ቦታ ቢያርፍ 230 ሺሕ ቅጂ አስቀመጥሽ ማለት ነው። የናሙና ዲኤንኤ እንዲህ ያለ ጉልበት የለውም። ስለዚህ እኔ ብሆን ከችግኞቹ በፊት ፖዘቲቭ ኮንትሮሉን እከስሳለሁ። አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ አደገኛው ብዙ ጊዜ «የሚሠራው» ቲዩብ ነው።

ሁለተኛ፣ ውኃውን ሁለት ጊዜ ቀየርሽ፤ መልካም። ግን ስትቀይሪ ሌላ ምን ምን አብረሽ ቀየርሽ? ጀማሪ ሲደናገጥ ውኃውንም፣ ኢንዛይሙንም፣ ፕራይመሩንም በአንድ ቀን ይጥላል። ችግሩ ቢጠፋ ማን እንዳጠፋው አይታወቅም፤ ባይጠፋ ደግሞ የተጣለው ሁሉ በከንቱ ነው። እንዲህ አድርጊ። ናሙና አይኑርሽ። ሁሉም ቲዩብ ዲኤንኤ የሌለበት ይሁን። አምስት ምድብ አዘጋጂ፦ የመጀመሪያው እንደ ወትሮው፤ ሁለተኛው ውኃው ብቻ አዲስ፤ ሦስተኛው ፕራይመሮቹ ብቻ አዲስ፤ አራተኛው ኢንዛይሙና ድብልቁ ብቻ አዲስ፤ አምስተኛው ሁሉም አሮጌ ሆኖ ፒፔቱ ብቻ ከሌላ ክፍል የተዋሰ። ብክለት አንድ ቀን ይመጣል አንድ ቀን ይቀራል፤ ከዘጠኝ በሁለቱ እንደቀረብሽ አይተሻል። ስለዚህ እያንዳንዱን ምድብ ሦስት ሦስት ቲዩብ አድርጊው። አሥራ አምስት ቲዩብ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ።

ኃላፊሽን ፈቃድ ስትጠይቂ «ይፈቀድልኝና ልሞክር» አትበያቸው። ይህን ዕቅድ በአንድ ገጽ ጽፈሽ፣ ከእያንዳንዱ ምድብ ምን ብትጠብቂ ምን ማለት እንደሚሆን ጎን ለጎን አስፍረሽ ስጫቸው።

ስለ ሁለተኛ ዲግሪ የጠየቅሽውን ሌሎች ይመልሱልሽ። እኔ መምህር ስለነበርኩ ወደ ትምህርት አዳላለሁ፤ ምስክርነቴ አይታመንም።

የጥራት ክፍል ሰው፦

መምህር የተናገሩት ላይ የምጨምረው የለኝም፤ እኔ ስለ ሥራው ላውራ። በመድኃኒት ማምረቻ የጥራት ቁጥጥር ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ካለፉት አምስት ዓመታት ወዲህ አዲስ ተመራቂዎችን ቃለ መጠይቅ ከሚያደርጉት አንዱ ነኝ።

@ሥራ ፈላጊ አሥራ አራት ዘዴ የዘረዘረ ሰው ሲመጣ ምን እንደማደርግ ልንገርህ። ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጌ «96 በመቶ አልኮል አለን፤ አንድ ሊትር 70 በመቶ አዘጋጅልኝ» እላለሁ። ስሌቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፦ 729 ሚሊ ሊትር ያህል አልኮል ወስዶ እስከ አንድ ሊትር ድረስ በውኃ መሙላት። ዘረመል ማረም እችላለሁ ብሎ የጻፈ ሰው እዚህ ላይ ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ። ከዚያ «ለምንድን ነው ለማጽዳት 96 ትተን 70 የምንጠቀመው?» እላለሁ። ውኃው የረቂቅ ተሕዋስያኑን ፕሮቲን ለመለወጥ እንደሚያግዝ፣ ንጹሑ አልኮል ደግሞ ቶሎ እንደሚተንና ወደ ውስጥ በደንብ እንደማይዘልቅ የሚነግረኝ ከአምስት አንድ ነው። ሦስተኛውና ዋናው ጥያቄዬ ግን «የተበላሸብህን ሙከራ ንገረኝ» የሚለው ነው። ምንም ተበላሽቶብኝ አያውቅም የሚል ሰው ወይ አልሠራም ወይ ይዋሻል። ሁለቱንም አልቀጥርም።

እኛ ጋ የመጀመሪያው ስድስት ወር አሰልቺ ነው፤ አልደብቅም። አዲሱ ሠራተኛ ሚዛን ያስተካክላል፣ የማቀዝቀዣ ሙቀት ይመዘግባል፣ ፒፔት ይፈትሻል። ፒፔት መፈተሽ ማለት 100 ማይክሮ ሊትር ውኃ ሚዛን ላይ አሥር ጊዜ ማስቀመጥ ነው፤ እያንዳንዱ ወደ 100 ሚሊ ግራም መምጣት አለበት። አንዲት ልጅ ነበረች፤ በመጀመሪያው ቀን ቁጥሮቿ 91፣ 104፣ 97 እያሉ ይዘላሉ። ፒፔቱ የተበላሸ መስሏት ነበር። እኔ ይዤ ሳሳያት አሥሩም ጎን ለጎን ተደረደሩ። ያን ቀን ምንም አልተናገረችም። በሳምንቱ ግን ሁሉ ሰው ከሄደ በኋላ እየቆየች ቀለም የተቀላቀለ ውኃ ስትለማመድ አገኘኋት። ቁልፉን እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ድረስ ተጭኖ ማጥለቅ፣ በዝግታ መልቀቅ፣ ሲለቅቁ እስከ ሁለተኛው ማቆሚያ መጫን፤ በቃ፣ ይኸው ነው። በሁለት ደቂቃ ይነገራል፤ እጅ እስኪለምደው ግን ወር ይፈልጋል። ስምንት ተማሪ በአንድ ፒፔት ይህን እንዴት ሊማር ነው?

ሌላው ጽሕፈት ነው። ያልተጻፈ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ስሕተት በአንድ መስመር ብቻ ይሰረዛል፣ ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት፣ ቀን፣ ፊርማና ምክንያት ይጻፍበታል። ማጥፊያ ቀለም የተጠቀመ ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ከእኛ ጋር አይቆይም። @ገና ጀማሪ ጸሐፊ ነበርኩ ብለሽ አዝነሻል። አትዘኚ። የግማሹን ሙያ ይዘሽ መጥተሻል።

ሁለተኛ ዲግሪን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ሥሪ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ በእኛ ዘንድ ግን ብዙ ሰው የሚማረው ለመጠምጠም ነው።

አራት ፊደል፦

በመጨረሻው ላይ አልስማማም። ለሁሉ ሰው አንድ መንገድ የለም። እኔ በቤተ ሙከራ ሦስት ዓመት ሠርቼ ወደ ኮምፒውተር የዞርኩት በሁለተኛ ዲግሪ በኩል ነው፤ ያለ እሱ በሩ አይከፈትልኝም ነበር። ምርምር የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ የማቀዝቀዣ ሙቀት ሲመዘግብ ቢከርም የጓጓለትን ነገር እየረሳው ይሄዳል።

ነገር ግን @ገና ጀማሪ፣ «እጄ አይታዘዘኝም፣ ስለዚህ ወደ ባዮኢንፎርማቲክስ ልሽሽ» የሚል ሐሳብ ካለሽ ተጠንቀቂ። ያልሽ ባይሆንም ብዙዎች ስለሚሉኝ ነው። ኮምፒውተሩም ላይ ብክለት አለ፤ እንዲያውም አይሸትም፣ አይታይም። አንድ ጊዜ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ የዲኤንኤ ንባብ ፋይሎች ተሰጡኝ። ሁሉም በሥርዓት ተሰይመዋል፣ ፕሮግራሙ አንድም ስሕተት አላለም፣ ሥዕሎቹ አምረው ወጡ። ለማጣራት ያህል የዋይ ክሮሞዞም ንባብ ቆጠርኩ። «ወንድ» ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ ስድስቱ ዋይ የላቸውም፤ «ሴት» ከተባሉት ስድስቱ አላቸው። አንድ ሰው ናሙናዎቹን ሲደረድር አንዱን ረድፍ ገልብጦታል። ይህን ቆጠራ የመከረኝ የኮምፒውተር ትምህርት አይደለም። ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን በእጄ ስለሞላሁ ረድፍ መገልበጥ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ።

መማር ያለበትን ለሚጠይቁ፦ ሊነክስ ላይ መሥራት፣ ከአር ወይም ከፓይተን የፕሮግራም ቋንቋዎች አንዱን፣ ስታትስቲክስ። ስታትስቲክሱን አትዝለሉት። አንዱን ናሙና ሦስት ጊዜ መለካት ሦስት ናሙና አይደለም፤ የመመረቂያ ጽሑፌን ያሳደገውም ያዋረደውም ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

የበረዶ ባልዲ፦

ሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፣ የሕዋስ እርባታ ላይ ነው የምሠራው። ስለ ትምህርት ልናገር፣ ምክንያቱም @የጥራት ክፍል ሰው ትንሽ አቃልሎታል። ቢሆንም «ቀጥይ» ከማለቴ በፊት የደረሰብኝን ስሚ።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር የአምስት ወር ውጤት ጥያለሁ። ሕዋሶቼ ያድጋሉ፣ ፈሳሹ ጥርት ያለ ነው፣ በማይክሮስኮፕ ምንም አይታይም። ብቻ ትንሽ ይዘገያሉ። እኔ ደግሞ መዘግየታቸውን የማጠናው መድኃኒት ውጤት አድርጌ ለስብሰባ አቀረብኩት፤ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ አንድ አዲስ የመጣ ሰው «ማይኮፕላዝማ መርምረሻል?» አለኝ። አልመረመርኩም። ማንም መርምሪ ብሎኝም አያውቅም ነበር። ማይኮፕላዝማ የሚባለው ባክቴሪያ የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም፤ ትንሽና ተጣጣፊ ስለሆነ ንጹሕ የምንልበትን የ0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ ሊያልፍ ይችላል፤ ፈሳሹን አያደፈርስም። ሲመረመር ከአራቱ የሕዋስ ዓይነቶቻችን ሦስቱ ተበክለው ተገኙ። ኢንኩቤተሩን ባዶ አድርገን ስናጥብ አማካሪዬ በር ላይ ቆመው «ያሳዝናል» ብለው ሄዱ። እንግዲህ «ትምህርት ቤት ገብቼ እማራለሁ» ስትይ እንዲህ ዓይነት ቤተ ሙከራ ውስጥም ልትገቢ ትችያለሽ።

ስለዚህ የምመክርሽ ለመመዝገብ ስታስቢ የተቋሙን ስም ትተሽ ቤተ ሙከራውን እንድታዪ ነው። ከመምህሩ ይልቅ ተማሪዎቹን ለብቻቸው አናግሪ። አዲስ ሰው ሲመጣ ፒፔት አያያዝ የሚያሳየው ማን ነው? የመጨረሻው ተመራቂ ስንት ዓመት ፈጀበት? መሣሪያ ሲበላሽ ስንት ወር ይቆማል? የቤተ ሙከራ መዝገብ የሚያነብ ሰው አለ? አራቱንም ሲጠየቁ እርስ በርሳቸው ከተያዩ፣ ሌላ ቦታ ፈልጊ። ጥሩ ቦታ ካገኘሽ ግን ማንም «መጀመሪያ ሥሪ» ብሎ አያዘግይሽ። አንድን ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ይዞ መክረም የሚቻለው እዚያ ብቻ ነው።

የጥራት ክፍል ሰው፦

አላቃለልኩም። የአምስት ወር ውጤት የጠፋው በየወሩ መርምር የሚል አንድ ገጽ የአሠራር ሰነድ ስላልነበረ ነው። እኛ ጋ ያ ገጽ አለ፤ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ይሉታል።

የበረዶ ባልዲ፦

እሺ፣ ይህን ተቀብያለሁ። ገጹን ላክልኝ።

ሰማያዊ ኮሎኒ፦

ሁለታችሁም ስትጨርሱ አንድ ትንሽ ነገር። በመጀመሪያው የሥራ ዓመቴ የጄሉን ገመዶች ገልብጬ ሰክቼ ዲኤንኤዬ በሙሉ ወደ ኋላ ሸሽቶ ከጄሉ ወጥቶ ፈሳሹ ውስጥ ሟሟ። ዲኤንኤ ኔጌቲቭ ሙል እንዳለውና ወደ ቀዩ፣ ፖዘቲቭ ወደሆነው ገመድ እንደሚሄድ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አውቅ ነበር። አርባ ደቂቃ ሙሉ ባዶ ጄል ስጠብቅ ቆየሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። @ገና ጀማሪ «ለዚህ አልተፈጠርኩም» የሚለውን አሥራ አምስቱን ቲዩብ እስክታዪ ድረስ አቆዪው።

ገና ጀማሪ፦

(ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ስለዘገየሁ ይቅርታ። መምህር እንዳሉት ዕቅዱን በአንድ ገጽ ጽፌ ለኃላፊዬ ሰጠኋቸው። አንብበው፣ አንድ ቦታ «ሁሉም አሮጌ» የሚለውን ቃል አስምረውበት «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ነጻ ነው» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም።

ውጤቱ ይኸው። እንደ ወትሮው በሠራሁት ምድብ ሦስቱም ቲዩብ መስመር አወጡ። በአዲሱ ውኃ ሁለቱ። በአዲሱ ፕራይመር ሦስቱም። በአዲሱ ኢንዛይምና ድብልቅ ሁለቱ። በተዋስኩት ፒፔት ዜሮ። አላመንኩም፤ አርብ ዕለት በተዋስኩት ፒፔት ስምንት ቲዩብ ደገምኩ። ስምንቱም ጨለማ። ባዶ ጄል አይቼ እንደዚያ ስደሰት የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ደስታዬ ሄደ፤ ምክንያቱም ትዝ አለኝ። ፒሲአር ለብቻዬ መሥራት በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ላይ ፖዘቲቭ ኮንትሮሉን እንዳቀጥን ታዝዤ ነበር። በዚያ ቀን ማጣሪያ ያለው ቲፕ (የፒፔት ጫፍ) አልቆ ተራውን ይዤያለሁ። በትንሿ ፒፔት ፕላዝሚዱን ስስብ አውራ ጣቴ ከቁልፉ ላይ ሸርተት አለና ቁልፉ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ተስፈነጠረ። ፈሳሹ ቲፑን አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። የሰናፍጭ ቅንጣት የምታክል ጠብታ ናት። ግራና ቀኝ ተመለከትኩ፣ ማንም አላየኝም። ቲፑን ጥዬ አፏን በወረቀት ጠርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ። መዝገቡ ላይ አልጻፍኩትም። እኔ፣ ጸሐፊዋ።

ሰኞ ጠዋት ለኃላፊዬ ነገርኳቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ቀኑ መቼ ነበር?» የሚል ነው። መዝገቡን አውጥተው ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያች ፒፔት የተሠራውን ሁሉ ቆጠሩ። ኔጌቲቭ ኮንትሮሉ መስመር ያወጣባቸው ሰባቱ ቀድሞውኑ ተደግመዋል። ንጹሕ የነበሩት ሁለቱ ሙከራዎች ውስጥ ግን በሽታ አለባቸው ብዬ የጻፍኳቸው አራት ናሙናዎች ነበሩ። አራቱንም በተዋስነው ፒፔት ደገምናቸው። ሦስቱ በሽታ አለባቸው። አንዱ የለበትም። ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ የለበትም። ያ ናሙና የመጣበት የችግኝ ጥቅል እንዲቃጠል ተወስኖ ሁለት ቀን ነበር የቀረው። ኃላፊዬ ስልክ አንሥተው ራሳቸው ደወሉ፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሰማሁ። «ስሕተቱ የእኛ ነው» አሉ። «የሠራተኛዬ» አላሉም።

ከሰዓት በኋላ ፒፔቷን ፈትተው አሳዩኝ። በውስጧ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ክፍሎቿን በቀጠነ በረኪና፣ ቀጥሎ በውኃ አጠብናቸው፤ ገጥመን ውኃ ሚዛን ላይ አሥር ጊዜ አስቀመጥን፤ ልኩ ትክክል ነው። ቢሆንም ወደ ድብልቅ ክፍሉ አልተመለሰችም፤ ቀይ ፕላስተር ለጥፌባት ጄል መጫኛ ሆናለች። ማጣሪያ የሌለው ቲፕም ከዚያ ክፍል ወጥቷል። የሆነውን ሁሉ በራሴ እጅ ጽፌ ፈርሜያለሁ፤ ሦስት ገጽ።

ሥራው ላይ ቆይቻለሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ማመልከቻውን ዘንድሮ አላስገባም፤ @የበረዶ ባልዲ፣ አራቱን ጥያቄዎችሽን ግን ጻፍ አድርጌያለሁ፤ ሁለት ቤተ ሙከራዎች ሄጄ ልጠይቅባቸው ነው።

ጡረታ የወጣ መምህር፦

አንብቤዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ፕላዝሚዱን ከእንግዲህ ለማቅጠን ሌላ ክፍልና ሌላ ጋውን ይኑርሽ። ፒፔቷ ተይዛለች፤ እጅጌሽ ግን ገና አልተመረመረም።

ገና ጀማሪ፦

መምህር፣ እርስዎ ይህን ከመጻፍዎ በፊት ኃላፊዬ ጋውኔን አስጥበውታል።

ሥራ ፈላጊ፦

ባለፈው ለጻፍኩት ይቅርታ፤ ብስጭቴ በአንቺ ላይ አልነበረም። ይህን ውይይት ካነበብኩ በኋላ የሕይወት ታሪኬን ከፍቼ አሥራ አራቱን ዘዴዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። በእጄ ያልሠራሁትን ሰረዝኩ። ሲሠራ ያየሁትን ሰረዝኩ። ሦስት ብቻ ቀሩ፤ ወረቀቱ አፍጥጦ ነው የሚያየኝ። ሦስተኛውን ደግሞ ልተወው ወይስ ላውጣው እያልኩ ነው።

የጥራት ክፍል ሰው፦

ሦስተኛው ምንድን ነው?

ሥራ ፈላጊ፦

ኤላይዛ፣ በቀለም ለውጥ ፕሮቲን የሚለየው ምርመራ። የሠራሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ከኢንዛይሙ በኋላ ማጠቡን ረስቼ 96ቱም ጉድጓድ ቢጫ ሆነ፤ ኔጌቲቭ ኮንትሮሉ ሳይቀር። በሁለተኛው ጊዜ እያንዳንዱን እጥበት በወረቀት ላይ ምልክት እያደረግሁ ሠራሁት፤ ተሳካ።

የጥራት ክፍል ሰው፦

አስቀምጠው። የምጠይቅህ ስለ መጀመሪያው ነው።